የጨረቃን ጀርባ ያሳዩን ሰው

ዛሬ ማታ ሰማዩ ጠርቶ ጨረቃ ከወጣች ልጆቻችሁን ይዛችሁ በረንዳ ላይ ውጡና ቀና ብላችሁ እዩአት። የምታዩት ገጽ ወላጆቻችን በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ሆነው ያዩት ያው ገጽ ነው፤ ጥቁር ጥቁር ነቁጦቿ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ይህ የሆነው ጨረቃ ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅባትና በራሷ ዙሪያ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር የሚፈጅባት ጊዜ እኩል ስለሆነ ነው። ስለዚህ ፊቷን ወደ እኛ እንዳደረገች ትዞራለች እንጂ ጀርባዋን አትሰጠንም። ሰው በዚህች ምድር ላይ መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 1959 ድረስ የጨረቃ ጀርባ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ያንን ገጽ መጀመሪያ ያየው የሰው ዓይን አልነበረም። ማንም ያልተሳፈረባት፣ ቁመቷ ከአንድ ትልቅ በርሜል ብዙም የማይበልጥ መንኮራኩር ናት። በጨረቃ ማዶ ዞራ ፎቶግራፍ አነሣች፤ ፊልሙን እዚያው ሆዷ ውስጥ አጠበች፤ ሥዕሉንም በራዲዮ ወደ ምድር ላከች። ዓለም በሙሉ ሥዕሉን በጋዜጣ አየ። መንኮራኩሯን ያሠሩት ሰው ማን እንደሆኑ ግን ከጥቂቶች በስተቀር ማንም አላወቀም። የዚህ ሥራ ባለቤት መሆናቸው በአገራቸው ጋዜጣ ላይ የወጣው ከሞቱ ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

በሕንፃችሁ ውስጥ ከሩሲያ ወይም ከኡክራይን የመጡ አንድ አዛውንት ጎረቤት ካሉ ሰርጌይ ኮሮሊዮቭን ያውቁ እንደሆነ ጠይቋቸው። የእናንተም የእሳቸውም ዕብራይስጥ የተሰባበረ ቢሆን ግድ የለም፤ ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ።

ሰርጌይ የተወለደው በጥር 1907 ዢቶሚር በምትባል የኡክራይን ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ኡክራይን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች። አባቱ የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበር። ልጁ ገና ሦስት ዓመት ገደማ ሳለ ወላጆቹ ተለያዩና እናቱ ማሪያ ወደ ቤተሰቧ፣ ኒዢን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ይዛው ተመለሰች። እሷ ትምህርቷን ለመቀጠል ወደ ኪየቭ ስትሄድ ሰርጌይ በአያቶቹ እጅ ቀረ። በአያት እጅ ማደግ ምን እንደሆነ ከመካከላችን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ፍቅሩ ሙሉ ነው፣ ግን ልጁ ሲመሽ በር በሩን ያያል። ስለ አባቱም እንደሞተ ተነገረው። አባትየው ግን አልሞተም ነበር። እስከ 1929 በሕይወት ኖሯል፤ ልጁን ለማየት ፈልጎም ለእናትየዋ ጽፎ ነበር። ሁለቱ ከተለያዩ በኋላ ዳግመኛ ሳይተያዩ ቀሩ። በሥራዬ ብዙ ቤት ገብቼ ከልጅ የተደበቀ ነገር ስንት ዓመት እንደሚከተለው ስላየሁ፣ ይህችን ነገር ሳልጽፋት ማለፍ አልቻልኩም።

ጓደኛ ያልበዛለት ብቸኛ ልጅ ነበር። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ አንድ ታዋቂ አብራሪ ኒዢን መጥቶ በሕዝብ ፊት አውሮፕላን አበረረ። ሰርጌይ አያቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ አየ። በእንጨትና በሸራ የተሠራች ነገር ጥቂት በርራ መመለሷ ነበር፤ ለልጁ ግን በቃው።

በኋላ እናቱ አንድ መሐንዲስ አገባችና በ1917 ቤተሰቡ ኦዴሳ ወደምትባለው የጥቁር ባሕር ወደብ ተዛወረ። ጊዜው የአብዮትና የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ዳቦ ጠፍቷል። ወደቡ ላይ ግን ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ጓድ ሰፍሮ ነበር። ሰርጌይ ከዚያ አይጠፋም። መካኒኮቹን ዕቃ እያቀበለ፣ እያገዘ፣ በመጨረሻ አብራሪዎቹ ይዘውት መብረር ጀመሩ። የተማረበት የግንባታ ሙያ ትምህርት ቤት ስለነበር ሲጨርስ በእጁ የነበረው ሙያ የቤት ጣራ ሸክላ መደርደር ነው። በ17 ዓመቱ ግን ያለ ሞተር በነፋስ የምትንሳፈፍ ግላይደር የምትባል አውሮፕላን በወረቀት ላይ ነድፎ ነበር። ከዚያ ኪየቭ፣ ከኪየቭ ደግሞ ሞስኮ ወደሚገኘው ትልቁ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሄደ። የመመረቂያ ሥራውን የተቆጣጠሩት በዚያን ጊዜ በአገሩ አሉ ከሚባሉት የአውሮፕላን ሠሪዎች ዋናው አንድሬይ ቱፖሌቭ ናቸው። ይህን ስም አስታውሱት፤ በሌላ ቦታ እንደገና እናገኛቸዋለን።

ከዚህ በኋላ ሰው ሆኗልና አንቱ እያልኩ ልቀጥል።

በ1931 ኮሮሊዮቭ ፍሪድሪኽ ጻንደር ከሚባሉ መሐንዲስ ጋር ሆነው ሞስኮ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ሮኬት መሥራት ጀመሩ። ጻንደር ዕድሜ ልካቸውን ማርስ ወደምትባለው ፕላኔት ስለ መሄድ የሚያልሙ ሰው ነበሩ። ደመወዝ የለም ማለት ይቻላል። ሠራተኞቹ በቡድኑ ስም የመጀመሪያ ፊደላት እየቀለዱ ራሳቸውን በነጻ የሚሠሩ መሐንዲሶች ቡድን ብለው ይጠሩ ነበር። ጻንደር በ1933 መጋቢት በታይፈስ ሞቱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 17 ቀን የቡድኑ የመጀመሪያ ሮኬት ተተኮሰች፤ 400 ሜትር ያህል ወጥታ ወደቀች። ከጨረቃ ጋር ስናስተያየው ምንም አይደለም፤ ጨረቃ ያለችው በ384,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ሥራውን ወደ አንድ የምርምር ተቋም አዛወረው። ኮሮሊዮቭ ትዳር ያዙ፤ ባለቤታቸው ክሴኒያ ሐኪም ነበሩ። በ1935 ናታሊያ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ቀጥሎ የሆነውን ነገር በዕድሜ የገፉት አንባቢዎቻችን ከነገሥታትና ከወታደር መንግሥት ዘመን ትዝታቸው ጋር አያይዘው በቀላሉ ይረዱታል።

ስታሊን የራሱን ባለሥልጣናት፣ መኮንኖችና ምሁራን የሚያስበላበት ዘመን ነበር። የተቋሙ ኃላፊና ምክትላቸው ተይዘው በጥር 1938 ተረሸኑ። የሞተር ባለሙያው ቫለንቲን ግሉሽኮ በመጋቢት ታሰሩ። እየተደበደቡ በፈረሙት ቃል ውስጥ የኮሮሊዮቭ ስም ነበረበት። ሰኔ 27 ቀን 1938 ሌሊት ወደ ቤታቸው መጡ። ልጃቸው ሦስት ዓመቷ ነበር። ክሱ ሆን ብሎ የመንግሥትን ሥራ ማበላሸት የሚል ነው። በምርመራ ተደበደቡና ፈረሙ፤ ፍርድ ቤት ቀርበው ቢክዱም የሰማቸው የለም። አሥር ዓመት ተፈረደባቸው።

የተላኩት በአገሪቱ ሩቅ ምሥራቅ ጫፍ ኮሊማ ወደሚባለው ስፍራ፣ ማልዲያክ በሚባል የወርቅ ማውጫ ለመሥራት ነው። ኮሊማ ብርድ ብቻውን ሰው የሚገድልበት ቦታ ነው። እስረኛው የዕለት ድርሻውን ካልቆፈረ ዳቦው ይቀነሳል፤ ዳቦው ሲቀነስ ጉልበቱ ይደክማል፤ ጉልበቱ ሲደክም ድርሻው ይጎድላል። እዚያ የቆዩት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ በምግብ እጦት በሚመጣው በሽታ ድዳቸው አብጦ ጥርሶቻቸው ረገፉ፤ ልባቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው ደህና አልሆነም።

ያተረፏቸው እናታቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ማሪያ ልጃቸው ከታሰረ ቀን ጀምሮ አልተቀመጡም። ለዐቃቤ ሕግ ጻፉ፣ ለራሱ ለስታሊን ጻፉ፣ መልስ ሲያጡ እንደገና ጻፉ። በር ሲዘጋባቸው ሌላ በር አንኳኩ። በዚያን ጊዜ ቫለንቲና ግሪዞዱቦቫና ሚኻኢል ግሮሞቭ የሚባሉ ሁለት አብራሪዎች በመላ አገሪቱ እንደ ጀግና የሚታዩ ነበሩ፤ ማሪያ ወደ እነሱ ሄደው ተማጸኑ፤ ሁለቱም እንቢ አላሉም፤ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አመለከቱ። እስረኛን ማማለድ አማላጁን ራሱን ሊያስበላ በሚችልበት ዘመን ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም። ጉዳዩ እንደገና ታየና ቅጣቱ ስምንት ዓመት ሆነ፤ ቦታውም ተለወጠ። ኮሮሊዮቭ በ1940 ወደ ሞስኮ፣ እስረኞቹ ሻራሽካ ወደሚሉት ዓይነት እስር ቤት ተወሰዱ። እስር ቤትም ነው፣ የመሐንዲሶች ቢሮም ነው፤ በሩ ላይ ጠባቂ አለ፣ ውስጡ የንድፍ ጠረጴዛ አለ። የዚያ እስር ቤት ዋና ነዳፊ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? መምህራቸው ቱፖሌቭ ናቸው። እሳቸውም እስረኛ ነበሩ። መምህርና ተማሪ በእስር ቤት ተገናኝተው ላሰራቸው መንግሥት የጦር አውሮፕላን ሠሩ።

ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ኦምስክ፣ ቀጥሎም ወደ ካዛን ተዛወሩ። ካዛን ላይ ያሠሯቸው ቃላቸው ለእስር ካበቃቸው ሰዎች አንዱ፣ ግሉሽኮ ነበሩ። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አይታወቅም፤ ለሃያ ዓመት ያህል አብረው ሠርተዋል፣ በኋላም ክፉኛ ተጣልተዋል። ኮሮሊዮቭ በ1944 በመንግሥት ልዩ ውሳኔ ተፈቱ። ከወንጀሉ ነጻ መሆናቸው በወረቀት የተረጋገጠላቸው ግን በሚያዝያ 1957 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥራ ሦስት ዓመታት የአገሪቱን ትልቁን ምስጢር የያዙት ሰው በሕግ ፊት ይቅርታ የተደረገላቸው ወንጀለኛ ነበሩ።

እኔ እነዚህን ዓመታት ባነበብኩ ቁጥር የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። ያን ሁሉ ያየ ሰው እንዴት ተመልሶ ለዚያው መንግሥት እንዲህ በሙሉ ልብ ይሠራል? አንዳንዶች ፍርሃት ነው ይላሉ፤ አንዳንዶች አገር መውደድ ነው ይላሉ። ለእኔ የሚመስለኝ በሕይወታቸው ውስጥ ከሰማይ የበለጠ የሚፈልጉት ነገር ስላልነበረና ወደዚያ የሚያደርሰው ገንዘብና ፋብሪካ በመንግሥት እጅ ብቻ ስለነበረ ነው። ስለ ኮሊማ ብዙም አይናገሩም ነበር። ወርቅ ግን እንደማይወዱ አብረዋቸው የሠሩ ይመሰክራሉ።

በ1945 ጀርመን ተሸንፋ ነበርና የጀርመኖችን ትልቅ ሮኬት እንዲያጠኑ ወደዚያ ተላኩ። በዓመቱ ከሞስኮ አጠገብ ባለ ድርጅት የረዥም ርቀት ሮኬቶች ዋና ነዳፊ ሆነው ተሾሙ። ቤታቸው ግን አልቆመም። ከክሴኒያ ጋር ተለያይተው ኒና የምትባል አስተርጓሚ አገቡ፤ ልጃቸው ናታሊያ ይህን ለረዥም ጊዜ ይቅር አላለቻቸውም። በልጅነታቸው አባት ያጡት ሰው ልጃቸውን ለማየት የሚቸገሩ አባት ሆኑ።

መንግሥት ከእሳቸው የሚፈልገው የአቶም ቦምብ ተሸክሞ አሜሪካ የሚደርስ ሮኬት ነው። ሠሩለት። ነዳጅ ሲሞላ ወደ 280 ቶን የሚመዝነው ኤር-7 የተባለው ሮኬት ነሐሴ 21 ቀን 1957 መጀመሪያ በተሳካ ሁኔታ በረረ። ኮሮሊዮቭ ግን ሮኬቱን ገና ሲነድፉት ያሰቡት ሌላም ነገር ነበር፦ ቦምብ ያን ያህል ርቀት መወርወር የሚችል ኃይል፣ ቀለል ያለ ዕቃ ቢጫንበት ምድርን ወደ መዞር ያደርሰዋል። ለሳይንቲስቶቹ የታሰበው ትልቁ ሳተላይት ሲዘገይባቸው ጊዜ አላጠፉም፤ 83.6 ኪሎ የሚመዝን፣ ራዲዮና ባትሪ ብቻ ያለበት ድቡልቡል ኳስ በፍጥነት አሠሩና ጥቅምት 4 ቀን 1957 አስወነጨፉት። ስፑትኒክ ይባላል። ድምፁን ዓለም ሁሉ በራዲዮ ሰማ። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏልና እዚህ ላይ አልቆይም፤ ወደ ጨረቃ እንሂድ።

ጨረቃ ድረስ የሚሄድ ነገር ምድር መልሳ እንዳትስበው በሰከንድ ወደ 11 ኪሎ ሜትር መፍጠን አለበት። ከሎድ ተነሥቶ ኤይላት ለመድረስ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ፍጥነት ማለት ነው። ለዚህም በሮኬቱ አናት ላይ፣ ባዶ ሰማይ ውስጥ የሚነሣ ተጨማሪ ሞተር ያስፈልጋል። ሞተሩን ከኮሮሊዮቭ ሰዎች ጋር የሠሩት ሰምዮን ኮስበርግ የሚባሉ በስሉትስክ የተወለዱ አይሁዳዊ መሐንዲስ ናቸው። ሒሳቡን የመሩት ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ምስቲስላቭ ኬልዲሽ ናቸው።

በ1958 ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስቱም ወደቁ። ጋዜጣ አንዱንም አልጻፈም፤ በዚያ አገር የወደቀ ነገር እንዳልተወነጨፈ ይቆጠር ነበር። ሮኬቱ በአየር ላይ በኃይል እየተንቀጠቀጠ ይሰባበር እንደነበር ደረሱበትና አስተካከሉ። በጥር 1959 ሉና 1 ተነሣች። ሞተሩን የማጥፊያው ትእዛዝ ጥቂት ስለዘገየ ከጨረቃ በስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስታ አለፈች። ያም ሆኖ ከምድር ስበት አምልጣ እንደ ፕላኔት ፀሐይን መዞር የጀመረች የመጀመሪያዋ የሰው እጅ ሥራ ናት፤ ዛሬም በዚያው ትዞራለች። በመስከረም ሉና 2 ሄዳ ጨረቃን መታች። ከምድር የወጣ ነገር ሌላ የሰማይ አካልን ሲነካ ያ የመጀመሪያው ነው። መሣሪያዎቿ ከመሰባበራቸው በፊት ጨረቃ የምድርን ዓይነት የማግኔት ኃይል እንደሌላት ነገሩን።

ከዚያ ሉና 3 መጣች፤ ስለ ጨረቃ ጀርባ መጀመሪያ ላይ የጠቀስኳት እሷ ናት። ሥራው ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ እስቲ አስቡት። ፎቶግራፍ ለማንሣት መንኮራኩሯ መሽከርከሯን አቁማ ካሜራዋን በትክክል ወደ ጨረቃ መደገን አለባት። ባዶ ሰማይ ላይ የሚያዝ ነገር የለም፤ ፀሐይንና ጨረቃን በብርሃን መለያ ዓይን እየፈለገች በትንንሽ የጋዝ ፍንጣቂዎች ራሷን ታዞራለች። ይህን ያወጡት ቦሪስ ራውሸንባኽ ናቸው። ትውልዳቸው ጀርመናዊ ስለሆነ ብቻ በጦርነቱ ጊዜ በጉልበት ሥራ ካምፕ ታስረው የነበሩ ሰው ናቸው። በዚያ ቢሮ ውስጥ ስንቱ እስር ቤት አይቶ እንደመጣ ማሰብ ያስገርማል።

ጥቅምት 7 ቀን 1959 ሉና 3 ከጨረቃ 65,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ 29 ፎቶግራፎች አነሣች። ፊልሙ በራሱ ታጠበ፣ ደረቀ። ከዚያ ቀጭን የብርሃን ጨረር ሥዕሉን መስመር በመስመር እየዳሰሰ ወደ ራዲዮ ምልክት ለወጠው። ኮሮሊዮቭ ቢሮአቸው ተቀምጠው መጠበቅ አልቻሉም፤ ምልክቱ ወደሚቀበልበት ወደ ክሪሚያ በረሩ። መጀመሪያ ላይ መንኮራኩሯ ሩቅ ስለነበረች የመጣው ነገር ከጭጋግ አይለይም ነበር። ወደ ምድር ስትቀርብ ግን እየጠራ ሄደ። ሥዕሉ ደብዛዛ ነው፤ የዛሬ ልጅ በስልኩ ከሚያነሣው ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ከጨረቃ ጀርባ ወደ 70 በመቶው ታየ። ከእኛ በኩል የሚታዩት ሰፋፊ ጥቁር ሜዳዎች በዚያ በኩል የሉም ማለት ይቻላል፤ ተራራና ጉድጓድ ብቻ ነው። ይህን የጠበቀ ሰው አልነበረም። ምክንያቱን ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ሥዕሉ ጥቅምት 27 ቀን በጋዜጣ ወጣ። ኮሮሊዮቭ ግን በስማቸው አይጽፉም ነበር። ስለ ሕዋ ጽሑፍ ሲያወጡ ፕሮፌሰር ሰርጌየቭ የሚል የተሰወረ ስም ይጠቀማሉ። በሬዲዮ ሲጠቀሱ ዋና ነዳፊው ይባላሉ፤ በቃ። ዩሪ ጋጋሪን ሚያዝያ 12 ቀን 1961 ወደ ሕዋ ወጥቶ ሲመለስ ዓለም በአበባ ሲቀበለው፣ የላኩት ሰው በአደባባይ አልተጠሩም። ጠላት ይገድላቸዋል የሚል ስጋት ነው ይባላል። የቤተሰባቸው ስም ሥር በሩሲያኛ ንጉሥ ማለት መሆኑ ነገሩን የባሰ ያደርገዋል።

ሥራ ላይ ቁጡ ነበሩ። ይጮኻሉ፣ ያባርራሉ፤ የተባረረው ሰው በማግሥቱ ጠረጴዛው ላይ ሲያገኙት ምንም እንዳልሆነ ያነጋግሩታል። ምክትላቸው የነበሩት አይሁዳዊው ቦሪስ ቼርቶክ በኋላ በጻፉት ትልቅ የትዝታ መጽሐፍ የእሳቸውን ቁጣም ደግነትም ሳይሸፍኑ አስቀምጠዋል።

ጨረቃ አልበቃቻቸውም። እኛ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ ፕላኔት ናት፤ ማርስ ደግሞ ቀላ ብላ የምትታየው። ወደ ማርስ በየሃያ ስድስት ወሩ፣ ወደ ቬነስ በየአሥራ ዘጠኝ ወሩ ብቻ ነው መንገዱ የሚመቸው፤ ያ ቀን ካመለጠ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ጥድፊያ ነበር፤ በጥድፊያ የተሠራ ደግሞ ይበላሻል። በጥቅምት 1960 ሁለት ወደ ማርስ ተወነጨፉ፤ ሁለቱም ምድርን እንኳ መዞር ሳይችሉ ወደቁ። በየካቲት 1961 ቬኔራ 1 ወደ ቬነስ ጉዞ ጀመረች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ራዲዮዋ ዝም አለ። ከቬነስ በመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ አልፋለች፤ ዝም እንዳለች። በኅዳር 1962 ማርስ 1 ተነሣች፤ ከምድር 106 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ እየሄደች ሳለ በመጋቢት 1963 ድምፅዋ ጠፋ። የወደቁትን ሁሉ ብዘረዝር ገጹ አይበቃኝም። ከኮሮሊዮቭ ቢሮ ወደ ሁለቱ ፕላኔቶች ከተላኩት ውስጥ አንዷም እንኳ እዚያ ደርሳ ያየችውን ለመናገር አልበቃችም።

በጨረቃ ላይ ሳይሰበሩ ማረፍም እንዲሁ ነበር። ጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ጃንጥላ አይሠራም፤ ፍጥነትን የሚገታው ወደ ታች የሚተኮስ ሞተር ብቻ ነው፤ በትክክለኛው ሰከንድ መነሣት አለበት። በ1963 ጀምረው ወደ 11 ጊዜ ያህል ሞከሩ። አንዳንዶቹ ከምድር ሳይርቁ ቀሩ፣ አንዳንዶቹ ጨረቃን ስተው አለፉ፣ በ1965 ደግሞ አንዷ ከሌላዋ ተከትላ ጨረቃ ላይ ተከሰከሱ። ከዚህ አገር የተላከችው በሬሺት ሚያዝያ 11 ቀን 2019 ሞተሯ ጠፍቶባት እዚያው ጨረቃ ላይ ስትከሰከስ ያዘነ ሰው ካለ፣ የኮሮሊዮቭን የ1965 ዓመት ቢያውቅ ይጽናናል።

ሌላም ክርክር ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት የጨረቃ ገጽ በወፍራም አቧራ የተሸፈነ ነው፤ የሚያርፍበት ሁሉ ይሰምጣል ይሉ ነበር። መሐንዲሶቹ ለምን ዓይነት መሬት እግር እንደሚሠሩ አላወቁም፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ ጠፋ። ኮሮሊዮቭ አንድ ወረቀት ወስደው ማረፊያው ጠንካራ መሬት ተብሎ ይታሰብ ብለው ጻፉበትና ፈረሙ። ማንም ሄዶ ባላየው መሬት ላይ ፈረሙ ማለት ነው። ባይሆን ኖሮ ተጠያቂው ታውቋል።

በ1965 ሥራው ከአቅም በላይ ስለሆነባቸው የጨረቃንና የፕላኔቶችን ሰው አልባ መንኮራኩሮች ጊዮርጊ ባባኪን ለሚመሩት ሌላ ቢሮ አስረከቡ። ለእሳቸው የቀረላቸው ሰው ጨረቃ ላይ የማውረድ ሥራ ነበር። ሰውነታቸው ግን ደክሟል። በጥር 1966 መጀመሪያ ላይ ሆስፒታል ገቡ። ጥር 14 ቀን፣ 59 ዓመት በሞላቸው በሁለተኛው ቀን፣ ቀላል ነው የተባለ ቀዶ ሕክምና ተጀመረ። ቀዶውን ያደረጉት የጤና ጥበቃው ሚኒስትር ራሳቸው ናቸው። ሆዳቸው ሲከፈት ያልታሰበ ትልቅ ዕጢ ተገኘ፤ ቀዶው ሰዓታት ፈጀ፤ ልባቸው አልቻለም። በምርመራ ጊዜ የተመታው መንጋጋቸው በደንብ ስለማይከፈት የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት አስቸግሮ ነበር ብለው የጻፉ አሉ። እናታቸው ማሪያ በሕይወት ነበሩ፤ ልጃቸውን ቀበሩ።

ጥር 16 ቀን ፕራቭዳ ጋዜጣ ፎቶግራፋቸውንና ስማቸውን አወጣ። ሕዝቡ ስፑትኒክን፣ ሉናን፣ የጋጋሪንን መንኮራኩር ያሠሩት ማን እንደሆኑ ያወቀው ያን ቀን ነው። አመዳቸው በክሬምሊን ግንብ ውስጥ ተቀመጠ።

በሃያኛው ቀን፣ የካቲት 3 ቀን 1966፣ ሉና 9 ጨረቃ ላይ አረፈች። አንድ መቶ ኪሎ ያህል የምትመዝነው ድቡልቡል ክፍሏ በአየር በተነፋ ከረጢት ተሸፍና ነጠረች፣ ተንከባለለች፣ ቆመች። ከዚያ ሽፋኗ እንደ አበባ ቅጠል ተከፈተና ካሜራዋ ዙሪያውን መቃኘት ጀመረ። ምልክቱን እንግሊዝ አገር ጆድሬል ባንክ የሚባለው ትልቅ የራዲዮ ቴሌስኮፕም ያዘው፤ እንግሊዞቹ ሥዕሉን ሩሲያኖቹ ከማውጣታቸው በፊት በጋዜጣ አተሙት። ሥዕሉ ላይ ትንንሽ ድንጋዮች ከነጥላቸው ይታያሉ። መሬቱ ጠንካራ ነበር። መንኮራኩሯ አልሰመጠችም።

በመጋቢት መጀመሪያ ደግሞ ከሞታቸው በፊት የተላከችው ቬኔራ 3 ድምፅዋ ጠፍቶ ሳለ ቬነስን መታች፤ ሌላ ፕላኔት የነካች የመጀመሪያዋ ናት። ባባኪን የተረከቡትን ሥራ ቀጥለው በ1970 ቬኔራ 7ን ቬነስ ላይ አሳረፉ፤ ብረት በሚያግል ሙቀት ውስጥ ሆና ለ23 ደቂቃ ያህል ድምፅ ላከች። የጨረቃን ጀርባ ደግሞ ቻይናዎች በጥር 2019 አረፉበት፤ በ2024 ከዚያው አፈር አንሥተው ወደ ምድር አመጡ።

በዚያው በጨረቃ ጀርባ ላይ ስፋቱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ትልቅ ጉድጓድ አለ። ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን ቀጥታ ከሚበረረው ርቀት ጋር የሚቀራረብ ነው። ኮሮሊዮቭ ተብሎ ተሰይሟል። ከበረንዳችሁ ሆናችሁ አታዩትም።